አቤቱታ የወለደው አገልግሎት

(በጂንካ ከተማ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ በዲያቆንና የፕሮጀክት ኦፊሰር የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከሐና፣ ከካንጋተን፣ ከኦሞራቴ፣ ከዲመካና ከቀይ አፈር የመጣችሁ፣ ረጅሙን መንገድ በሰላም አሳልፎ እዚህ ያገናኘን እግዚአብሔር ይመስገን።

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ የምክር ቤት አባላት የአካባቢ መስተዳድር ኃላፊዎችን ስለ ሕዝብ ችግር የሚጠይቁበትን አሠራርና የሰበካ ጉባኤ በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ የሚመለከት ነው። ርእሱን የሰሙ አንድ አባት ጠዋት በር ላይ ሲያገኙኝ፣ «ልጄ፣ ዲያቆንን ከምክር ቤት ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለሆነ ንግግሬን ከእርሱ እጀምራለሁ።

አባቶቼ እንደሚያውቁት፣ የዲቁና አገልግሎት የተጀመረው ከአንድ አቤቱታ ነው። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደሚተርከው፣ በኢየሩሳሌም የምእመናን ቁጥር በበዛ ጊዜ ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገን ቅሬታ ተነሣ። የቅሬታው ምክንያት መበለቶቻቸው በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መዘንጋታቸው ነበር። ነገሩ የማዕድ፣ የዝርዝርና የወረፋ ጉዳይ ነው፤ በዛሬ አነጋገር የአገልግሎት አሰጣጥ ጥያቄ ልንለው እንችላለን። የቋንቋና የወገን ጉዳይም አለበት፤ ተዘነጋን ያሉት በቁጥር ያነሱት ናቸውና።

ሐዋርያት ያደረጉትን በጥንቃቄ እንመልከት። ቅሬታ ያቀረቡትን አድመኞች አላሏቸውም፤ ጉዳዩንም በይደር አላቆዩትም። ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ የእግዚአብሔርን ቃል ትተው ማዕድን ማገልገል እንደማይገባቸው በግልጽ ተናገሩ፤ ጉባኤው ራሱ በመልካም ምስክርነት የታወቁ ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ። ሰባት ሰዎች በስም ተለይተው ተመረጡ፤ ቀዳሚያቸውም ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አንዲት መበለት ምግብ ባይደርሳት ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። ስለዚህ ዲያቆን ስለ መጠየቅና ስለ መጠየቂያ ሥርዓት ቢናገር ከአገልግሎቱ አልወጣም፤ የአገልግሎቱን መነሻ አስታወሰ እንጂ። አቤቱታ የሚለው ቃላችን ራሱ በጸሎት ጊዜ «አቤቱ» ብለን ከምንጮኸው ጥሪ ጋር ዘመድ መሆኑንም ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ሀገራችን ሕግ እንለፍ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ወይም ተመራጭ ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንዲችል ይደነግጋል። በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 43 ሕዝቦች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ ያዛል። አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። አንቀጽ 55 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በወረዳና በከተማ ምክር ቤቶቻችን አፈ ጉባኤው መድረኩን ከፍቶ አስተዳዳሪው ወይም ከንቲባው ሪፖርት ሲያቀርብና አባላቱ ሲጠይቁ የምናየው አሠራርም የዚሁ መርሕ የታችኛው እርከን ነው። ኃላፊው ለምክር ቤቱ፣ የምክር ቤቱ አባል ደግሞ ለመራጩ መልስ ይሰጣል።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብዱ ሦስት እውነቶች አሉ።

የመጀመሪያው የመራጭና የተመራጭ መራራቅ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በመላ ሀገሪቱ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም ነበር። በ2010 ዓ.ም ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፤ የ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫም የወረዳንና የቀበሌን ምርጫ አላካተተም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከተመራጮች መካከል ያረፈ፣ የተዛወረ፣ በሌላ ሥራ የተጠመደ ብዙ ነው። ዛሬ እዚህ የተቀመጥነውን ሰዎች «የቀበሌህን የምክር ቤት አባል በስም ታውቃለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስንቶቻችን እጃችንን እንደምናወጣ እንጃ።

ሁለተኛው የመዋቅር ለውጥ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ተመሥርቷል፤ የክልሉ ተቋማትም ወላይታ ሶዶን፣ አርባ ምንጭንና ዲላን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል። ቀድሞ በደቡብ ኦሞ ዞን ሥር የነበረው የአሪ ሕዝብ አካባቢም ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ለውጡ የብዙዎችን የቆየ ጥያቄ የመለሰ ሲሆን፣ ተራው ሰው ግን የትኛው ጉዳይ ወደ የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ ገና በመማር ላይ ነው። የቀበሌው ጥያቄ ለክልል፣ የክልሉ ጥያቄ ለቀበሌ ሲቀርብ መልሱ «እኛን አይመለከትም» ይሆናል፤ ጠያቂውም ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በዚህ ምድር ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ፣ ማሌ፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካሮ፣ ኤርቦሬና ሌሎችም፣ በተለምዶ 16 ተብለው የሚቆጠሩ ብሔረሰቦች ይኖራሉ። የዳሰነች እናት ችግሯን በራሷ ቋንቋ አሳምራ ትናገራለች፤ ቃሉ ግን አዳራሹ ድረስ ሲመጣ በሁለትና በሦስት ሰው አፍ አልፎ ይቀጥናል። ይህ እናቶቻችን መናገር ስለማይችሉ የሆነ አይደለም። የሐመርና የሙርሲ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው በየተራ እየቆሙ ሲናገሩና ሌላው በጸጥታ ሲያዳምጥ ያየ ሰው፣ ይህ ሕዝብ የጉባኤን ሥርዓት ከማንም እንዳልተዋሰ ያውቃል። የጎደለው በዛፉ ጥላና በአዳራሹ መካከል የሚዘረጋው ድልድይ ነው።

ክቡራን ወገኖቼ፣ እንግዲህ ወደ አንድ የራሴ ገጠመኝ ልሂድ። የወረዳውን ስም አልጠራም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ ላይ በተጋባዥነት ተገኝቼ ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ «ውኃ የለንም፣ መንገዳችን ተበላሽቷል፣ መብራት ይቆራረጣል፣ መምህር ይጎድላል፣ ስለዚህ መንግሥት ትኩረት ይስጥልን።» የሚመለከተው ኃላፊም፣ «የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ በሂደት ላይ ነው፣ በበጀት ዓመቱ ትኩረት ተሰጥቶታል» ብለው መለሱ። ተጨበጨበ፤ ምሳ ተበላ። በሚቀጥለው ጉባኤም ስገኝ ያው ጥያቄ ተነሣ፤ ያው መልስ ተሰጠ፤ ያው ጭብጨባ ተጨበጨበ። ጠያቂው ዋሽተዋል አልልም፤ መላሹም ዋሽተዋል አልልም። ነገር ግን እንዲያ ባለ ጥያቄ ማንም ሰው አይያዝም።

በሦስተኛው ጉባኤ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ የምክር ቤት አባል ተነሡ። እኒህ እናት የተማሩ አይደሉም። በእጃቸው ግን ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ይዘው ነበር፤ የአጥቢያቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የጻፉላቸው ነው። አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት አነበበላቸው። በቀበሌያቸው ሦስት የእጅ ፓምፖች እንዳሉ፣ የት የት እንደሚገኙ፣ እያንዳንዳቸው ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደቆሙ፣ ከእያንዳንዳቸው ስንት አባወራና እማወራ ይቀዳ እንደነበር፣ አሁን ሴቶቹ ወንዝ ደርሰው ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ይዘረዝራል። ንባቡ ሲያበቃ እናታችን ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ይህ የማን ሥራ ነው? የሚሠራውስ መቼ ነው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የውኃው ዘርፍ ኃላፊ ወረቀታቸውን አገላብጠው መለሱ። ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ እንዳለ፣ ሆኖም ፓምፖቹን የተከለው ፕሮጀክት ሲያስረክብ የመለዋወጫዎቹን ዝርዝርም ሆነ የሠለጠኑትን የጥገና ሰዎች ስም እንዳልሰጣቸው ተናገሩ። ያን ጊዜ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የርክክቡ ሰነድ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበርና።

እውነቱን እናገራለሁ። በሪፖርቴ «የውኃ ኮሚቴው ሠልጥኖ ተረክቧል» ብዬ ጽፌ ነበር። ሥልጠናው ግን የግማሽ ቀን ነበር፤ ከሠለጠኑት ሁለቱ ከርክክቡ ጥቂት ወራት በኋላ ከአካባቢው ለቅቀው ሄደዋል፤ እኔም ተመልሼ አላየሁም። ሪፖርቱ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር፤ ከእኒህ እናት በቀር ስለ ፓምፖቹ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተነሥቼ ጥፋቴን አመንኩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰነዶቹን ይዤ እንደምመለስ ቃል ገባሁ። ቃሌን ጠበቅሁ፤ ወረዳውም መለዋወጫውን ገዝቶ ሁለቱ ፓምፖች ተጠገኑ። ሦስተኛው ጉድጓድ ግን ውኃው ሸሽቶ ስለተገኘ አልተፈታም። እናታችን በሚቀጥለው ጉባኤ ያንኑ ገጽ ይዘው መጡ፤ የተሠሩትን ሁለቱን ሰርዘው፣ ሦስተኛውን ብቻ ጠየቁ።

ከዚህ የተማርኩትን ለእናንተ ላካፍል። መልካም ጥያቄ አራት ነገሮች ይኖሩታል።

የመጀመሪያው ቦታ ነው። «ወረዳችን ውኃ የለውም» ከማለት ይልቅ የትኛው መንደር፣ የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ይገለጽ።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። ቆጥረን ያረጋገጥነውን ብቻ እንናገር። አምስቱን አምሳ ያለ ሰው፣ አምሳ በሆነ ጊዜ የሚያምነው አያገኝም።

ሦስተኛው ባለቤት ነው። ጉዳዩ የቀበሌ፣ የወረዳ፣ የዞን ወይስ የክልል መሆኑን አስቀድመን እንወቅ። ይህን ለማወቅ መረጃ መጠየቅ ራሱ መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በእጃቸው ስላለ መረጃ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያዛል።

አራተኛው ቀን ነው። መልሱ የሚጠበቅበት ቀን በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በሚቀጥለው ጉባኤም መጀመሪያ ይነበብ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አንዘንጋ። ገንዘብ የሚሻ ጥያቄ በጀቱ ከመደልደሉ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት መቅረብ ይገባዋል። ድልድሉ ካለቀ በኋላ የቀረበ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን ይመስሉ ይሆናል፤ በዚህ ምድር ግን የሰው ሕይወት የሚያድኑ ናቸው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም የኦሞ ወንዝ በድንገት ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በቅርብ ዓመታትም፣ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም፣ የወንዙ ሙላትና የቱርካና ሐይቅ መስፋት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን አፈናቅሎ የኦሞራቴን ከተማ ሳይቀር አስጨንቋል። «ስለ ጎርፍ ምን ታስቧል?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱም ቀላል ይሆናል። «የማስጠንቀቂያው ቃል ወደ መንደሩ የሚደርሰው በማን ነው? በየትኛው ቋንቋ? ውኃው ከመድረሱ ስንት ቀን በፊት? ከብቶቹስ ወደ የትኛው ከፍታ ይወጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ዝናቡ ሳይመጣ ሥራ ያሠራል። በኅዳር 2018 ዓ.ም የማርበርግ በሽታ በጂንካ መከሠቱ በታወቀ ጊዜ የደረሰብንን ድንጋጤም አንረሳውም። ከዚያ በኋላ የጤና ጣቢያችን ጓንትና ሳሙና አለው ወይ፣ በሽተኛ የሚለይበት ክፍል አለው ወይ ብሎ መጠየቅ የሰበካ ጉባኤም ጉዳይ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ ሥርዓት ያለው መንገድ ሲያጣ የሚሆነውንም አይተናል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም በጂንካና በአካባቢዋ ሁከት ሲነሣ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል። የማን ጥፋት እንደሆነ ለመፍረድ አልቆምኩም። ነገር ግን ያን ጊዜ ደጀ ሰላም ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር የተጠለሉ እናቶችን ያየ ካህን ሁሉ፣ በአዳራሽ የሚቀርብ ጠንካራ ጥያቄ በጎዳና ከሚነሣ እሳት እንደሚሻል ያውቃል። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ ካለመናገር ከዚያ የሚበልጥ ነገር ሊቀር እንደሚችል ደግሞ እኛ ተምረናል።

እዚህ ላይ ድንበራችንን በግልጽ ላስቀምጥ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ስለዚህ ካህን በዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ስለ ፓርቲና ስለ ዕጩ አይሰብክም፤ ሰበካ ጉባኤም ራሱን ሁለተኛ ምክር ቤት አያደርግም። እኛ የምናደርገው ሌላ ነው። ቆጥረን እንጽፋለን፤ የጻፍነውን ለሕዝቡ ተመራጭ እናቀርባለን፤ ቋንቋ ለሚያጥራት እናት አስተርጓሚ እንሆናለን። የምንቆጥረውም የእኛን ምእመናን ብቻ አይደለም። ከጉድጓዱ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም፣ የአባቶቹን ልማድ የያዘውም ይቀዳልና፣ ዝርዝሩ ሁሉንም ካልያዘ እውነት አይሆንም። በኢየሩሳሌም የተዘነጉት በቁጥር ያነሱት እንደነበሩ እናስታውስ፤ በየቀበሌያችን በቁጥር ያነሱት እነማን ናቸው?

በመጨረሻም ከሁሉ የከበደውን ልናገር። የሚጠይቅ ሰው ራሱም ለመጠየቅ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ነቢዩ ሳሙኤል ዘመኑን ሲፈጽም በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬና አህያ እንደወሰደ፣ ማንን እንደበደለ፣ ከማን ጉቦ እንደተቀበለ ይመሰክሩበት ዘንድ ጠየቃቸው። መሪ ሳይጠየቅ ራሱን ለጥያቄ አቀረበ። በእኛ ሀገር ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አባባል አለ፤ እየሳቅን እንደጋግመዋለን። ይህ አባባል በምክር ቤቱ አዳራሽ ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ፤ ወደ እኛም ቅጥር ይገባል።

የሰበካ ጉባኤን ሥርዓት የሠራልን ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም ነው። ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት ተመርጠው የአጥቢያውን ሀብት እንዲያስተዳድሩ፣ ሒሳቡንም ለመረጣቸው ጉባኤ እንዲያቀርቡ አደረገ። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። የሙዳየ ምጽዋቱ ቆጠራ በስንት ሰው ፊት ይከናወናል? የገቢና የወጪው ሪፖርት ምእመናን በሚገባቸው ቋንቋ ይነበባል? በፕሮጀክት የመጣው ዘርና ፍየል ለማን እንደታደለ የስም ዝርዝሩ በግልጽ ተለጥፏል? አንዲት መበለት «እኔ ለምን ቀረሁ?» ብትል የምትጠይቀውን ሰው ታውቃለች? በእነዚህ መልስ ከሌለን፣ ወረዳውን የምንጠይቅበት አፍ አይኖረንም።

ስለሆነም እንደ መነሻ ሦስት ነገሮችን እጠይቃችኋለሁ። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የቀበሌውን የምክር ቤት አባል በስም ይወቅ፤ ከጉባኤ በፊት አንድ ጊዜ ያግኘው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በዓመት ሁለት ጊዜ በአካባቢያቸው ያሉትን የውኃ ቦታዎች፣ የጤና ኬላውንና ትምህርት ቤቱን አይተው በአንድ ገጽ ይጻፉ። ሰበካ ጉባኤውም ለሌላ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት የራሱን ሒሳብ በምእመናን ፊት ያንብብ። ልብ በሉ፤ አንዱም ቢሆን ገንዘብ አይጠይቅም።

ያቺን የደብተር ገጽ እኔ አሁንም አልረሳኋትም። ባለፈው ወደዚያ ወረዳ ስሄድ እናታችንን አግኝቼ ስለ ሦስተኛው ጉድጓድ ጠየቅኋቸው። ገና እንዳልተፈታ፣ አዲስ ቦታ ለመቆፈር ጥናት እንደሚደረግ ቀን እንደተቆረጠላቸው ነገሩኝ። ከዚያም ፈገግ ብለው፣ «አንተስ ልጄ፣ ዘንድሮ ያስረከብከውን ተመልሰህ አየህ?» አሉኝ።

አይቻለሁ፤ በሚቀጥለውም ወር ተመልሼ አያለሁ። እናንተም ጠይቁኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።